የአምስተኛዋ ልጅ ዋስ

ኢገን፣ ዓርብ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.
ከቀትር ጀምሮ በረዶ ይጥላል። ቤት ያለነው እኔና ሜቲ ብቻ ነን። እሷ የተጠቀለለ ካልሲ ኮሪደሩ ላይ እያንከባለለች ያቆመቻቸውን ባዶ የውሃ ጠርሙሶች ትጥላለች።

ለውድ ባለቤቴ ለያደታ፣

እንደምን ከርመሃል? የሲያትል ዝናብ የወገብህን ሕመም እንዳይቀሰቅስብህ እሰጋለሁ። እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን።

ልጅህ ሜቲ በትምህርት ቤቷ የሴቶች የቦውሊንግ ቡድን ላቋቁም ብላ ተነስታለች። ለነገ ጠዋቱ ልምምድ አምስት ልጆች ካልተገኙ ቡድኑ ይቀራል ተብላለች። አራት ሆነዋል። አምስተኛዋ የጎረቤታችን የባድሩ ልጅ ኢብሲቱ ነበረች፤ አባቷ ግን እምቢ አለ። ሜቲ ስታለቅስ ባይ ጃኬቴን ደርቤ ሄድኩ። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ጸልዪ ስባል አንገቴን የምደፋው እኔ!

«ቦውሊንጉ ቢራ የሚሸጥበት ቤት እኮ ነው፣ ወርቂቱ» አለኝ በሩን እንደከፈተ።

«አዎ፣ ይሸጣል። አልዋሽህም።»

«ታዲያ ማን ዋስ ይሆነኛል?»

«እኔ።»

«አንቺ? ሃይዌይ ሲባል የምትንቀጠቀጪው?»

ሚስቱ ከጓዳ ሳቀች። «ተዋት እባክህ! ካንተ አነዳድ የሷ ፍርሃት ይሻላል።»

«ራሴ ድራይቭ አድርጌ እወስዳቸዋለሁ፤ በባሩና በልጆቹ መካከል እቀመጣለሁ፤ ራሴ እመልሳቸዋለሁ» አልኩት።

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

በረዶውን አየ፣ እኔን አየ። «በቃ፣ ባንቺ ዋስትና» አለ።

መኪናህን እስካሁን የነዳሁት በውስጥ ለውስጥ መንገድ፣ ከቤት ወደ ሥራ ብቻ ነው። ወንበሩ ለሦስት ወር ብለህ ስትሄድ እንደተውከው ነው። ስትመለስ እንዳይቸግርህ ብዬ ከጀርባዬ ትራስ አደርጋለሁ። ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ።

ሜቲን ሰላምታ ልጻፍልሽ ወይ ብላት «ሹር» ብላ እሺ አለች።

በምትወጣበት በምትገባበት ጌታ ይጠብቅህ፤ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥህ።

ወርቂቱ

ቅዳሜ ጠዋት። ፖስታውን ሳልዘጋው ይህን ልጨምር። የምጽፍልህ ከቦውሊንጉ ቤት ነው፤ ባሩ ከጀርባዬ፣ አምስቱ ልጆች ከፊቴ ናቸው። ኢብሲቱ በመጀመሪያው ኳሷ አንድም አልጣለችም፤ ከሁሉም በላይ የሳቀችው ግን እሷው ናት።

ጠዋት በረዶውን ከመስታወቱ ፋቅሁ፣ ሞተሩን አሞቅሁ። ሁለቱ ልጆች ከኋላ ገቡ። ወደ ሃይዌዩ ከመታጠፌ በፊት ፍሬኑን ልረግጥ ስል እግሬ በደንብ አልደረሰም። ዳር ይዤ ቆምኩ። ትራሱን ለሜቲ አቀበልኳት። ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩት፤ የኋላ ማሳያ መስታወቱንም በኔ ልክ አስተካከልኩ። ከዚያ ሃይዌዩ ውስጥ ገባሁ።