የዊልፍሬድ አውቶቡስ ሾፌር የአቶ ደባልቄ አንለይ የሕይወት ታሪክ

አቶ ደባልቄ አንለይ ከአባታቸው ከአቶ አንለይ ሞላና ከእናታቸው ከወይዘሮ በለጡ እሸቴ በ1942 ዓ.ም. ወሎ፣ ወረኢሉ ተወለዱ። የበኩር ልጅ በመሆናቸው እስከ ስምንተኛ ክፍል የተማሩት እሳቸው ናቸው። ይህን የጻፈው ታናሻቸው የሻው ከአራተኛ ክፍል ወጥቶ እርሻ ገባ፤ ስሕተት ብታገኙ ምክንያቱ ይኸው ነው።

በ1961 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄደው፣ ከእንግሊዝ አገር በሚመጣ የዊልፍሬድ ሻንሲ ላይ የአውቶቡስ ቦዲ በሚሠራ ጋራዥ ተቀጠሩ። የእንግሊዙን ፋብሪካ ታሪክ እስኪሰለቸን ነግረውናል። ያቋቋሙት የፈረስ ጋሪ ሠሪ የነበሩ ሁለት ወንድማማቾች ናቸው። ጋሪው መኪና ሆነ፣ መኪናው አውቶቡስ ሆነ፣ አውቶቡሱ ባሕር ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደረሰ። ዊልፍሬድ የታላቅየው ስም ነው። የታናሹን ስም የሚያውቅ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላገኘሁም። ፋብሪካው በ1970 ዓ.ም. ተዘጋ።

ቤተሰባችን በ1977 ዓ.ም. በሠፈራ ወደ አሶሳ ሲመጣ እሳቸውም ተከትለው መጡ። ወይዘሮ ጤናዬን አግብተው እዩኤልንና ሊድያን ወለዱ። ክልሉ ሲመሠረት አንድ አሮጌ ዊልፍሬድ በጨረታ ገዝተው ከአሶሳ ባምባሲ ሠሩ። ከሌላ አገር ተመድበው የመጡ አስተማሪዎችና የቢሮ ሠራተኞች አገሩን ያዩት በዚያ አውቶቡስ መስኮት ነው። መለዋወጫ የሚልክ ፋብሪካ ስለሌለ ብረቱን ራሳቸው ቀጥቅጠው ይሠሩ ነበር። እጃቸው የተባረከ ነበር፣ ይህን አልክድም። የሻው ረዳታቸው ሆኖ፣ አውቶቡሱ ዳገት ላይ በቆመ ቁጥር እንዳይንሸራተት ከኋላ ጎማ ሥር የዋንዛ እንጨት ታኮ ያስገባ ነበር።

ጥቅምት 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ባምባሲ መግቢያ ዳገቱ ላይ እንደቆሙ አውቶቡሱ ወደ ኋላ ተንሸራተተና፣ ከኋላ ጭነታቸውን ያስሩ የነበሩትን ነጋዴ አቶ ኦመርን ገደለ። ረዳቱ ታኮ አላስገባም ተባለ። የሻው ሁለት ዓመት ታሰረ። ሲፈታ የአቶ ኦመር ልጅ ኢቲዳል ገበያ ላይ ፊቷን አዞረችበት፤ አልፈርድባትም። በወንድሙ ቤት እንኳ በዓል ሲሆን ከበሩ አጠገብ ነበር የሚቀመጠው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አቶ ደባልቄ ሜዳ ላይም ሲያቆሙ ራሳቸው ወርደው ታኮ ያስገባሉ። ጎንበስ ብለው ከኋላ ያያሉ። ማንም የለም እየተባሉ ደግመው ያያሉ። በ1992 ዓ.ም. አውቶቡሱን ግቢያቸው ውስጥ አቆሙት። ሞተሩ ወጥቶ እንኳ ሲንቀሳቀስ ይሰማኛል ይሉ ነበር። ጤናዬ ጎማው ሥር የበቀለውን ሣር ብታሳያቸውም አላመኑም።

በጉበት ሕመም ሲተኙ ደግሞ አልጋው ወደ ኋላ ይሄድብኛል ብለው ታኮውን ከአልጋው እግር ሥር አስደረጉ። ጠያቂው ሁሉ ትኩሳት ነው አለ። ባለፈው እሑድ ከቀትር በኋላ የሻውን አስጠሩት። ጤናዬና እዩኤል ባሉበት እንዲህ አሉ፦

«አንተ ታኮውን አስገብተህ ነበር። አዲስ የሠራሁት የእጅ ፍሬን ብቻውን ይይዛል ብዬ፣ ለአስተማሪዎቹ ላሳይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ኦመርን አላየሁትም። ቀብሬ ላይ ይነበብ።»

ይኸው ተነበበ። ሰባት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ኢቲዳል፣ ከሰው መካከል ቆመሽ ከሆነ ሰምተሻል። ወንድሜ ይቅር በለኝ አላሉኝም፤ እኔም በሉኝ አላልኩም።

አቶ ደባልቄ ኅዳር 11 ቀን 1996 ዓ.ም. በ54 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንድ ወንድማቸውን ትተዋል። አልጋው ባዶ ነው። ታኮው ግን እዚያው ነው፤ እኔ አላነሣሁትም።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ዳገት በሌለበት ቦታ ያሳርፍልን።