ሙሽራው የቀረበት ስለት

ውድ ወንድሜ ቢርጁ፣

"ውድ" ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ስለሚጀመር ነው እንጂ ዛሬስ ለእኔ ውድ አይደለህም። ስልክህ አይነሳም፤ ሲነሳም "ሥራ ላይ ነኝ እትዬ፣ መልሼ እደውላለሁ" ብለህ ትዘጋብኛለህ። ስለዚህ ጎረቤታችን ሱክራም ነገ አንተ ወዳለህበት ወደ ሱራት ከተማ ስለሚሳፈር ይህን በእጁ ልኬልሃለሁ። አንብበህ እስክትጨርስ ከፊትህ ንቅንቅ እንዳይል አደራ ብዬዋለሁ። ሱክራምን ታውቀዋለህ፤ ካልጨረስክ እዚያው ያድርብሃል።

ማክሰኞ ደውለህ "ባቡር ላይ ነኝ" አልከኝ። የሻይ ሻጩን ጩኸት ሳይቀር አሰማኸኝ። ሐሙስ ከቀትር ጀምሮ ጣቢያ ቆሜ ሦስት ባቡር ተቀበልኩ። ከሦስተኛው አንተን የሚመስል ሰው ወረደና ሻንጣውን ልቀበለው እጄን ብዘረጋ "ሴትዮ፣ ሌባ ነሽ እንዴ?" ብሎ ሰው ሰበሰበብኝ። አራተኛውን ልጠብቅ ስል መልእክትህ ገባ፦ "የሚቀጥለው ወር፣ በእርግጠኝነት።" ሰው ሁሉ እያየኝ ጮክ ብዬ ሰደብኩህ። ሌላ ሴት ይዟል የሚሉ አሉ። ብትይዝ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ የምትቀርበት ምክንያት ይኖርህ ነበር። አንተ የምትቀረው እንዲሁ ነው።

የረሳህ ስለምትመስል ልድገምልህ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳለህ ያ ትኩሳት ሲይዝህ ሐኪሙ "ወደ ቤቱ ውሰዱት" ብሎ አሰናበተን። አባባ ምን ማለቱ እንደሆነ ስለገባው ጀልባው ላይ ወጥቶ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀመጠ። እማዬ ግን ከነሳሪዋ ወንዙ ውስጥ እስከ ደረቷ ገባች። "እናት ጋንጋ፣ ይሄን ልጅ ተዪልኝ። ባገባ ማግስት ከነሚስቱ ጀልባ ላይ አስቀምጬ ከዳር እስከ ዳር የአበባ ጉንጉን አለብስሻለሁ" ብላ ተሳለች። በሦስተኛው ቀን ካቾሪ ካልበላሁ ብለህ ቤቱን በለቅሶ አናጋኸው።

አገባህ። በማግስቱ ነፋስ ተነሳና ጀልባ እንዳይወጣ ተከለከለ። ፈቃዴ አልቋል ብለህ ሄድክ፤ "ለዲዋሊ በዓል መጥቼ እናስገባዋለን" አልክ። ይኸው ሁለት ዓመት ከአራት ወር። ከዚያ ወዲህ የደረሰብን ክፉ ነገር ሁሉ እማዬ ዘንድ ከዚያ ስለት የመጣ ነው። ጀልባችን ቢሰነጠቅ ስለቱ፣ ዓይኗን ሞራ ቢጋርደው ስለቱ፣ ከዝናቡ ወዲህ ልቧ ሲደክም ደግሞ ያው ስለቱ። "ሳልከፍል ብሞት ወንዟ ምን ትለኛለች?" እያለች ታስጨንቀኛለች። ሐኪሙ ዕረፍት ያስፈልጋታል አለ። በምን ልትረፍ?

ስለ ሚስትህ ስለ ኩሱም ጠይቀኸኝ ስለማታውቅ ሳትጠይቀኝ ልንገርህ። ሻንጣዋን በወጉ ሳትፈታ ነው ትተሃት የሄድከው። እማዬን የምታጥባት፣ የምትመግባት እሷ ናት። ስልክ በጮኸ ቁጥር ተነስታ ግቢ ትወጣለች፤ ስትጠብቅ እንዳትታይ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝልህ። ያን ፊቷን ማየት ሲያቅተኝ ዋሸሁ። "ቢርጁ ደውሎ ነበር፤ ሰላም በያት አለ" አልኳት። ፊቷ ሲበራ ሳይ ለመድኩት። "ቀዝቃዛ ውሃ እንዳትነካ አለ።" "አረንጓዴው ሳሪ ያምርባታል አለ።" አንተ አፍህን ሳትከፍት እኔ ደህና ባል አደረግኩህ። ስለዚህ የምናደደው ባንተ ብቻ አይደለም። በእኔ ቃል ነው ይህን ያህል የቆየችው።

ሐሙስ ባዶ እጄን ስመለስ ጉንጉኑ እርጥብ ጆንያ ተሸፍኖ በቅርጫት ተቀምጧል። አትክልተኛው ሁለት ቀን ሙሉ የሰካው ቢጫ አበባ ነው፤ እስከሚቀጥለው ወር አይቆይልህም። እማዬ መቅረትህን ስትሰማ አላለቀሰችም።

"ነገ ጠዋት ይገባል" አለች።

"ሙሽራው በሌለበት?"

"የሠርጉ ጨርቅ አለ አይደል? በሱ ፋንታ እሱን አስቀምጡት።"

"እማዬ፣ ሰው ጨርቅ ያገባል እንዴ?"

"እስከ ዛሬስ ያገባችው ምን ሆነና!"

ይህን ያለችው እናትህ ናት፤ እኔ አይደለሁም።

አርብ ገና ሳይነጋ ወረድን። የተቀደሰው የካርቲክ ወር ነውና የወንዙ ደረጃ በሚታጠቡ ሰዎች ተሞልቷል። እማዬን በወንበር ተሸክመን ከታችኛው ደረጃ አስቀመጥናትና የጉንጉኑን ጫፍ አስያዝናት። ጎረቤቶቻችን ዙሪያዋን ከበው መዝፈን ጀመሩ። ያን ቢጫ የትከሻ ጨርቅህን ከኩሱም ሳሪ ጫፍ ጋር አሰርኩት። ማሰርም መፍታትም የባል እህት ሥራ ስለሆነ ለሠርግህም ያሰርኩት እኔ ነበርኩ። ያኔ ልቤ እየዘለለ ነበር። አርብ ዕለት ግን ልክ የፍየል ገመድ እንደማስር ነው ያሰርኩት።

ከአባባ ሞት ወዲህ የምቀዝፈው እኔ ብሆንም መቅዘፊያውን ስይዝ የተለመደው ጉርምርምታ ተነሳ። "ወንድ ጠፍቶ ነው ዛሬም ሴት የምትቀዝፈው?" አለ አንዱ ሽማግሌ። "አዎ አባቴ፣ ጠፍቶ ነው። ካገኙት ይላኩልኝ" አልኩት። ኩሱም ከኋላ ተቀምጣ ጉንጉኑን በክንድ በክንድ እየለቀቀች፣ እኔ ቀስ ብዬ እየቀዘፍኩ ወጣን። አበባው ከኋላችን ውሃው ላይ ሲዘረጋ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ንዴቴ ትንሽ በረደልኝ። ምነው ቢያየው ብዬ አሰብኩህ።

መሃል ስንደርስ የባለጀልባው የላላን ሞተር ጀልባ ፈረንጅ ጭኖ እየበረረ መጣ። "ላላን! ጉንጉን አለ! አቁም!" ብዬ ጮህኩ። አልሰማም። በላዩ ላይ አለፈበት። ሞተሩ አበባውን ጠቅልሎ በጣጥሶ ተፋው።

"ዓይንህን የት ጥለኸው ነው አንተ!"

"እኔ ምን ላርግ እህቴ? ፀሐይዋ ሳታመልጠን ፍጠን አሉኝ!"

"ፀሐይዋ የት ትሄድብሃለች፣ የተረገምክ! ነገም እዚሁ ናት!"

ፈረንጆቹ የሰላምታ መስሏቸው እጃቸውን አውለበለቡልኝ። እኔም አውለበለብኩ፤ ምን ላድርግ?

ጀልባውን አዙሬ የተንሳፈፈውን ጫፍ ያዝኩት። ሁለቱን ጫፎች ብንጎትት ብንጎትት አይገናኙም፤ ስምንት ክንድ ያህል ጎድሏል። ከዳር ዘፈኑ ይሰማል። እማዬ ያን ጫፍ በሁለት እጇ ይዛ እየጠበቀች ነው። መቅዘፊያዬን ጣልኩና አለቀስኩ። ስለቱ ዳግመኛ ቀረ፣ በዚሁ ትሞትብኛለች አልኩ።

ኩሱም አላለቀሰችም። ከሳሪዋ ጋር የታሰረውን ጨርቅህን አነሳችና ቋጠሮውን አቀረበችልኝ።

"ፍቺው እትዬ።"

"አብደሻል? ወንዝ መሃል ቋጠሮ ይፈታል?"

"እኔ ብፈታው ነውር ነው። ያሰርሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ፍቺው። እማማ እየጠበቀች ነው።"

ፈታሁት ቢርጁ። እርሶ ጠብቆ ነበርና በጥርሴ ነው የፈታሁት። እሷ ተቀብላኝ ጨርቁን በቁመቱ ሦስት ቦታ ቀደደችው፤ ቁራጮቹን ቀጣጠለችና አንዱን ጫፍ ከወዲህ፣ ሌላውን ከወዲያ አበባው ላይ አሰረችው።

ከማዶ አሸዋው ላይ ደርሰን ኩሱም ክሩን ጠበቅ አድርጋ ሳበችው። ትንሽ ቆይቶ ከወዲያ ማዶ ሁለት ጊዜ ተሳበ። የማትታየን እናታችን ናት። ዘፈኑ ድምቅ ሲል እኔ አሸዋው ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ። ፀሐይዋ መቼ እንደወጣች አላየሁም።

"ተከፈለ አይደል እትዬ?" አለች ኩሱም።

"ተከፈለ።"

"እንግዲያው ወደ አባቴ ቤት ልሄድ ነው።"

"እንዴ! የሚቀጥለው ወር እመጣለሁ ብሏል እኮ!" አልኳት። ይህ ከአፌ ሲወጣ ራሴን ጠላሁት። እሷ ግን ሳቀች።

የማይቀረውን እዚያው አፈረጥኩት። ሰላምታው ሁሉ የእኔ እንደነበር ነገርኳት። አሸዋውን በጣቷ እየጫረች "አውቃለሁ" አለች። "አረንጓዴውን ሳሪ የገዛሁት እሱ ከሄደ በኋላ ነው። መቼ አይቶት ነው ያምርባታል የሚለው?"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?"

"ደስ ይለኝ ነበር። አንድ የሚያስብልኝ ሰው እዚህ ቤት እንዳለ አውቅ ነበር። እማማ ስለቷን ሳትከፍል ደግሞ ጥያት መሄድ አልቻልኩም።"

እዚያ አሸዋ ላይ ተቃቅፈን አለቀስን። ስመለስ ግን እንደገና በገንኩብህ። ይህችን የመሰለች ሰው እቤትህ አስቀምጠህ ምን እየሠራህ ነው?

እማዬን ለማየት ከሆነ ና፤ ቶሎ ና። ስለቱ ከገባ ወዲህ እንቅልፍ ይወስዳታል፣ ሾርባም ትጠጣለች፤ ሐኪሙ ግን ብዙ አትጠብቁ ብሎናል። ስለ ኩሱም ከሆነ ግን ጣቢያ የሚቀበልህ ሰው አታገኝም። ትናንት ሸኝተናታል።

አሸኛኘቷን ሳልጽፍልህ ይህን ወረቀት አላጥፈውም። እማዬ መንገድ ዳር ካላደረሳችሁኝ ብላ በወንበር ተሸክመናት ወጣን። ከዚያ ሩዝና እርድ፣ አንድ ጭብጥ ለምለም ሣርም አስመጣችና በዳበሳ የኩሱምን ሳሪ ጫፍ ፈልጋ ሞላችላት። እኔንም ስትድረኝ ያደረገችልኝ እንደዚያ ነው። ጎረቤቶቻችን እርስ በርስ ተያዩ።

"ይሄ እኮ ለወለዷት ልጅ ነው። እሷ ምራትሽ ናት፤ ምን ነካሽ?" አለቻት አንዷ።

"ዝም በይ፤ ልጄን እየዳርኩ ነው" አለች እማዬ። ከዚያ የኩሱምን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ግንባሯን ሳመቻት።

"ሂጂ ልጄ" አለቻት። "የሚመጣ ሰው አግቢ።"

እህትህ ኡርሚላ
ባናራስ