ለእዝን የመጣ አቻ

ውድ ጋሽ ኃይለመስቀል፣

ጤናዎን ሳልጠይቅ የጀመርኩት ረስቼ አይደለም። ተናድጄ ነው።

የሐኪም ጋራን ሰፈር ለቀው ድሬዳዋ ከወረዱ ስድስት ዓመት ሆነ። «ስልክ ያጣድፋል፤ ቼዝ በወረቀት ነው» ስላሉ፣ በየሳምንቱ አንድ አንድ እንቅስቃሴ እየጻፍን በሚኒባስ ሾፌሩ በናስር እጅ ስንላላክ ኖርን። እርስዎ በመምህራን ክበብ ማንም ያልቻለዎ፣ እኔ ኤረር በር ፎቶ ኮፒ የማነሳ። ሰባት ጨዋታ ጀምረን ስድስቱን ረተውኛል። አንድም ቀን አልከፋኝም።

እናቴ አልጋ ከያዘች በኋላ እንኳ ናስር በመጣ ቁጥር «ዛሬስ ያን ሰውዬ ጣልሽው?» ትለኝ ነበር። «ገና ነው» ስላት ትስቅብኛለች።

እሷን በቀበርን በሦስተኛው ቀን ናስር ከለቅሶው ድንኳን አስጠርቶ ወረቀትዎን ሰጠኝ። «አቻ እንውጣ። አይዞሽ» ይላል። ጎረቤት እዝን ይዞ ሲገባ እኔ በደስታ አለቀስኩ። ከእርስዎ ጋር አቻ! ፎቶዋ ፊት ቆሜ «እማ፣ አልጣልኳቸውም፤ እሳቸውም አልጣሉኝም» አልኳት።

ትናንት ታዲያ ልጎርር ብዬ ጨዋታውን ለሥራ ባልደረባዬ ለሂክማ ደረደርኩላት። ቼዝ ካስተማርኳት ገና ሁለት ወሯ ነው። ትንሽ አየችና፣

«ወላሂ ባርኮት፣ ይሄ ጥቁር ፈረስ እዚህ ቢገባ ንጉሥሽ አለቀለት!» አለችኝ።

እኔ በለቅሶ ዓይን አላየሁትም። በአንድ እንቅስቃሴ ማት! ሂክማ ያየችውን እርስዎ አላየሁም ሊሉኝ ነው?

ለታላቅ አይባልም እንጂ አዛኝ ቅቤ አንጓች ልልዎ ነበር። እዝኑን ጎረቤት አምጥቶልኛል፤ ንፍሮውም ዳቦውም ተርፏል። ከእርስዎ የምፈልገው ያንን ፈረስ ነበር። ቤቴ ውስጥ ሁሉ ነገር ሲገለባበጥ እንደ ድሮው የቀረልኝ የእርስዎ አለመራራት ብቻ ነበር፤ እሱንም ወሰዱብኝ። ለሞተች እናቴም አስዋሹኝ!

አቻዎን መልሻለሁ፤ ወረቀቱ እዚሁ ኤንቨሎፕ ውስጥ አለ። ጠጠሮቹ እንደነበሩ ተደርድረዋል፣ ተራው የእርስዎ ነው። በሚቀጥለው ጨዋታ ጥቁሩን እኔ እይዛለሁ፤ ያኔ እንተያያለን። አሁን ግን ናስር ቅዳሜ ሲመለስ ማቱን ይላኩልኝ። ፎቶዋ ፊት ቆሜ «ዛሬም ጣሉኝ፣ እማ» ልበላትና ትሳቅብኝ።

ፈረስዎን የምትጠብቅ፣
ባርኮት