ጓድ ኃላፊ የጠጡት ማስረጃ

ለተከበሩ ጓድ ሣህሌ፣
የሸቀጥ ማከፋፈያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ቦንጋ

በቅድሚያ እንደምን ሰነበቱ? ጉሮሮዎ ተሽሎት ይሆን? እኛ የሸማቾች ኮሚቴ አባላት፣ ከታሰሩት ከእትዬ ትርንጎ በቀር፣ ሁላችንም ደህና ነን። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ለማስተማር ቦንጋ የገባሁት አምና ነው፤ ሕዝብ በሥርዓት ካመለከተ መንግሥት ይሰማል ብዬ የኮሚቴው ጸሐፊ ሆንኩ። ስለዚህ ምስጋናዬንም በሥርዓቱ አቀርባለሁ።

1ኛ. የቀበሌ ሱቃችን ጨው አሸዋ እንዳለበት ክረምቱን ሙሉ ስናመለክት በትዕግሥት ስላልሰሙን እናመሰግናለን። «ጨዉ ምን አደረገ? ጥርሳችሁን ታከሙ» ያሉን ምክር ከጽሕፈት ቤትዎ ያገኘነው ብቸኛ አቅርቦት ነው።

2ኛ. ባለፈው እሑድ በቀበሌው አዳራሽ፣ እትዬ ትርንጎ የሱቁን ጨው በብርጭቆ ውኃ አሟሙተው፣ አሸዋው ሲዘቅጥ ሕዝቡ እንዲያየው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። እርስዎ ስለ ሸቀጣችን ጥራት ንግግር ሲያደርጉ አፍዎ ደረቀና፣ ፊትዎ የተቀመጠ ሁሉ ለእርስዎ የቀረበ ነው በሚለው የቆየ ልማድዎ፣ ማስረጃችንን አንስተው እስከ ዝቃጩ ጨለጡት። የኮሚቴያችን አባል ጋሽ ገብረወልድ ከኋላ «ኧረ ጓድ፣ እሱ ማመልከቻ ነው!» ብለው ቢጮኹም አልደረሱም። ጽሕፈት ቤትዎ ማመልከቻችንን በአንድ ትንፋሽ ሲጨርስ ያየነው ያን ቀን ብቻ ነው።

3ኛ. ወዲያው እትዬ ትርንጎን «መርዝ አጠጣችኝ» ብለው ስላሳሰሩልን ባለውለታዎ ነን። ብቻ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። በብርጭቆው ውስጥ ከእርስዎ ጨውና ከቦንጋ ውኃ በቀር ምንም አልነበረም። መርዝ ከሆነ፣ ከዋጫ ከተማ እስከ ሺሺንዳ ከተማ ያከፋፈሉት እርስዎ ነዎትና ከእትዬ ትርንጎ አጠገብ ቦታ ይያዝልዎ። ንጹሕ ከሆነስ ሴትዮዋ በምን ታሰሩ? ልጃቸው ብርቄ ስንቅ ታመላልሳለች፤ ወጡን የምታጣፍጠውም በዚያው መርዝ ነው። የታሰሩበት ክፍል ጣሪያ ያፈሳል፤ እሳቸው ደግሞ አስም አለባቸው። ይህችን መስመር እንኳ ቀልድ አድርገው አያንብቡብኝ።

እትዬ ትርንጎ እስኪፈቱ ድረስ በየማለዳው በሱቁ በር ላይ አንድ ብርጭቆ እናስቀምጣለን። ሲጠማዎ ብቅ ይበሉ።

ከብዙ አክብሮትና ከጥቂት አሸዋ ጋር፣
ፈለቀ ቀጸላ
የሸማቾች ኮሚቴ ጸሐፊ
ቦንጋ፣ መስከረም 1975 ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ክረምቱን ሙሉ ለምነን ከመንግሥት አንዲት የእምነት ቃል አላገኘንም ነበር። እርስዎ ግን «መርዝ» ከማለትዎ በፊት፣ ገና ከመዋጥዎ፣ «ይህማ አሸዋ ነው!» ብለው በሕዝብ ፊት መሰከሩልን። ስለዚህ በሙሉ ድምፅ የኮሚቴው አባል አድርገን መርጠንዎታል። የእትዬ ትርንጎ ወንበር ባዶ ነው፤ እሳቸው እስኪመለሱ ይቀመጡበት።