ከላይ መደመር ሲኖር

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ከረምሽልኝ? ወገብሽን ተሻለሽ? የልብስ ስፌቱስ እንዴት ነው? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ልቤ ግን አልቀመጥ ብሎኛል። ይህን ደብዳቤ ሁለቴ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

የትምህርት ቤታችን የሒሳብ አስተማሪ ስለታመመች፣ ርዕሰ መምህሩ ሰባተኛ ክፍልን ለሁለት ሳምንት እንድይዝላት ለመነኝ። ጂኦግራፊ የሚያስተምር ሰው ክፍልፋይ ምን ያቅተዋል ብዬ እሺ አልኩ። ማክሰኞ ሰሌዳው ላይ ከላይ 12 + 6፣ ከታች 6 ጻፍኩ። እጄ ቀደመኝና ስድስትን በስድስት ሰርዤ፣ መልሱ አሥራ ሁለት ነው አልኩ። አርባ ተማሪ ገለበጠ።

ከፊት ወንበር አንዲት ዝምተኛ ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ አሥራ ስምንት ለስድስት ሲካፈል ግን ሦስት ነው። ለምን መሰረዝ አይቻልም?»

ልታሳፍረኝ አይደለም፤ እውነት ማወቅ ፈልጋ ነው። ነገ እነግርሻለሁ ብያት ወጣሁ።

ያን ቀን ሙሉ ቤቴ ውስጥ ስንቆራጠጥ ዋልኩ። ድንገት ተማሪ ሳለን ስታስጠኚኝ የነበረው ድምፅሽ መጣልኝ። ከላይ መደመር ካለ አንዱን ብቻ መሰረዝ አይቻልም፣ ወይ መጀመሪያ ደምሪ ወይ ሁለቱንም አካፍይ፣ ማባዛት ቢሆን ኖሮ ነው መሰረዝ የሚቻለው ትዪኝ ነበር። እኔ ያኔ በመስኮት ውጭ ውጭውን አይ ነበር።

በነጋታው ተሳስቻለሁ ብዬ አሥራ ሁለቱንም ስድስቱንም ለስድስት አካፈልኩ፤ ሁለትና አንድ፣ ሦስት። ልጅቷ ገባት። ማን እንዳስተማረኝ ጠየቀችኝ። እህቴ አልኳት።

«እሷስ የት ነው የምታስተምረው?»

ልብስ ነው የምትሰፋው አልኳት። ከክፍል ወጥቼ በቀጥታ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባሁ።

አንድ ክፍል ተምረን፣ ያን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ዕለት እኔ በትኩሳት አልጋ ላይ ነበርኩ፤ ፈተና ክፍሉ ውስጥ ግን አንቺ በእኔ ስም እኔ ወንበር ላይ ስለተፈተንሽ፣ ባዶ የቀረው ያንቺ ወንበር ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ቀን አንስተሽብኝ አታውቂም። ለርዕሰ መምህሩ ስለራሴ ያለውን ሁሉ ነገርኩት። ማን እንደተፈተነልኝ ሲጠይቀኝ ግን ስምሽን አላወጣሁም። እስኪወሰንብኝ ከማስተማር ታግጃለሁ። ይገርምሻል፣ የፈራሁትን ያህል አልከፋኝም።

ለዚያው ፈተና የግል ተፈታኞች ምዝገባ ተከፍቷል። ቅጹን ከደብዳቤው ጋር አድርጌልሻለሁ። ዕድሜዬ ሄደ እንዳትዪኝ፤ ያቺን ልጅ ብታዪያት እንዲህ አትዪም።

ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ ዓይንሽን ይጠብቅልኝ። በዚህኛው ላይ የራስሽን ስም ጻፊ።

ታናሽሽ