አጥር የሌለው ቫስካ

ሰኔ ፫፣ ጠዋት
ልብስ አጥቤ ገና መቀመጤ ነው። ሙቀቱ ከአሁኑ አንገት ያንቃል። የጎረቤታችን የፋጡማ ፍየል ቫስካው ውስጥ ሞታ ተገኘች። ቫስካው የድሮው የቤቱ ባለቤት ጣልያኑ ይዋኝበት የነበረው ትልቁ ገንዳ ነው፤ አገሩ ሲገባ ቤቱን ለሐጂ ኑሩ ሸጠላቸው። አጥር የለው፣ ክዳን የለው፣ ከቁመቴ ይጠልቃል። የግቢው በር ውሃ ለሚያመጡ አህዮች ሲባል ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። ከሐጂ የተከራየናቸው ሁለት ክፍሎች በራቸው ቀጥታ ወደ ቫስካው ይከፈታል።
ሐጂ ደግ ሰው ናቸው። ፋጡማ አፏን ሳትከፍት የተሻለች ፍየል ተኩላት። ሰፈሩ መረቃቸው። እኔም መረቅሁ። ዞር ስል ሰናይት፣ የአራት ዓመት ልጄ፣ ጠርዙ ላይ ተንበርክካ ውሃውን በእጇ ትመታለች!

ሰኔ ፮
የፈራሁት ደረሰ። የኔ ልጅ አይደለም፣ ተመስገን። (ብዬ ጻፍኩና አፈርኩ።) የፋጡማ ልጅ ነው፣ ትንሹ ዓሊ። ኳስ ተከትሎ ገባ። ፋጡማ ከነልብሷ ዘላ አወጣችው። በራሔይታ መንደር፣ ባሕር ውስጥ እየዋኘች ያደገች ባትሆን ኖሮ... ልጁ ሐኪም ቤት ነው፣ ይተነፍሳል። በቃኝ ለዛሬ።

ሰኔ ፰
ዓሊ ዳነ! ሐጂ አለቀሱ፣ በግ አረዱ። ሽማግሌዎች ገቡ፤ ፋጡማም የአላህ ሥራ ነው፣ ማንንም አልከስም አለች። ይሁን። ቫስካው ግን ዛሬም አፉን ከፍቶ ተኝቷል። ሐጂ ዘንድ ሄጄ ይታጠርልን አልኳቸው።
«ልጄ፣ ባሕሩስ መቼ አጥር አለው? ልጅሽን ጠብቂ» አሉኝ እየሳቁ።
ተናድጄ ገባሁ። ባለቤቴ ታደሰ ተይው ባይ ነው። እሱ የጉምሩክ ጸሐፊ ነው፤ አሰብ ላይ ቤት ማግኘት ቀላል መሰለሽ፣ ቢያስወጡን የት እንገባለን አለኝ። እውነቱን ነው። ግን አልተወውም።

ሰኔ ፲
ፍ/ቤት ሄድኩ። ብቻዬን። ዳኛው ልጁ ያንቺ አይደለም፣ የሞተም የለም፣ ታዲያ ምን ትያለሽ አሉኝ። የፍየሏን ነገር አነሳሁ። ቫስካው እሳቸውን ባይመለከት ፍየሏን ለምን ተኩ? ለፍየል የሚጠየቅ ሰው ለልጅ እንዴት አይጠየቅም? ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። ሐጂ ቅዳሜ ይቅረቡ ተባለ።
ታደሰ አኩርፎ ራቱን ሳይበላ ተኛ።

ሰኔ ፲፬፣ ቅዳሜ
ሐጂ ነጭ ለብሰው መጡ። የባሕሩን ነገር እዚያም ደገሙት። ሰዉ ሳቀ። እኔን ላብ አጠመቀኝ።
«ባሕሩ የማን ነው?» አሉ ዳኛው።
«የአላህ።»
«ቫስካውስ?»
ሳቁ ቆመ። «የእኔ» አሉ ሐጂ።
«እንግዲያው በቫስካው የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። ልጅ መጠበቅ የእናት ነው፤ ጉድጓድ ማጠር የባለቤቱ።»
በሳምንት ውስጥ ታጥሮ በር ከነቁልፉ ይገጠም፣ ያለዚያ ውሃው ይፍሰስ ብለው ፈረዱ። ከእንግዲህ ሰው ቢጎዳ አላወቅሁም ማለት የለም። ስወጣ ፋጡማ ደጅ ቆማ አገኘኋት። እጄን ይዛ እስከ ቤት ሸኘችኝ።

ሰኔ ፲፮
አናጢዎች ከማለዳ ጀምረው ምስማር ይመታሉ። ግማሹ ታጥሯል። ከሐጂም መልእክት መጣ፦ በወሩ መጨረሻ ቤቱን ልቀቁ። ጠብቄው ነበር። ደግ ሰው ናቸው ብዬህ አልነበር ማስታወሻዬ? አሁንም ናቸው። አንጀታቸው ስላረረ ነው።
ታደሰ ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ቆጥ ላይ ያለውን ሣጥን አወረደና ሳህኖቹን መጠቅለል ጀመረ። ወደቡ አጠገብ አንድ ክፍል አለች አሉ፣ ጠባብ ናት አለኝ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ሳቀ። ስንት ቀን ሆነው ከሳቀ!
ጠባብ ትሁን። እንወጣለን። ግን ያ በር ተገጥሞ፣ ቁልፉ ሲዞር በዓይኔ ሳላይ ከዚህ ግቢ ንቅንቅ አልልም።