እናቴ ቃሏን ከመስጠቷ በፊት

ቀን፦ ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
አዲስ አበባ፣ የካ ክፍለ ከተማ

አመልካች፦ ናፍቆት ጋሮማ፣ ዕድሜ 16፣ ነዋሪነቴ ፈረንሳይ ለጋሲዮን

ጉዳዩ፦ ጠበቃ አልፈልግም ላለችው እናቴ ለወ/ሮ ጂቱ ዋቅቶላ ጠበቃ እንዲመደብላት ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

ትምህርቴን ከስምንተኛ ክፍል አቋርጫለሁ። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል በጽሑፍ መቅረቤን በትሕትና እንዲቀበሉኝ እለምናለሁ።

1. እናቴ አባቴን በዘነዘና መትታ ክንዱን ሰብራለች ተብላ ተከሳ በእስር ላይ ትገኛለች። ክንዱ መሰበሩ እውነት ነው። በዚያ ምሽት ግን አባቴ ግድግዳ አስደግፎ አንገቷን አንቋት ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ አይቻለሁ። እግሯ መሬት አይነካም ነበር። እጇ ዘነዘናውን ያገኘው ያኔ ነው። ከዚያም በፊት ይመታት ነበር፤ ሊመታት ሲል ሬዲዮኑን ከፍ ያደርጋል። ጎረቤቶቻችን ይህን ያውቃሉ።

2. ፍርድ ቤት ስትቀርብ ዳኛዋ ጠበቃ እንዲቆምላት ትፈልግ እንደሆነ በደግነት ጠየቋት። እናቴ ከፍርድ ቤቱ ግቢ የነቀለችውን እርጥብ ሣር ይዛ ቆማ ነበር። “ሽማግሌዎቼ ይበቁኛል” አለች። ዳኛዋ ሣሩ ምን እንደሆነ ሲጠይቁ እናቴ ስትደነግጥ አማርኛው ስለሚጠፋባት ዝም አለች። እኔም ከኋላ ተቀምጬ ዝም አልኩ።

3. ሣሩ የእርቅ ልመና ነው። እናቴ ተወልዳ ባደገችበት ከእንጦጦ ጀርባ ባለው አገር፣ ሣር ይዞ “ጥፋቱ የኔ ነው” ያለ ሰው ይታረቃል እንጂ አይቀጣም። ትልቁ ሽማግሌያችን ኦቦ ሊሊሳም “አንቺ ብቻ ጥፋቱን በራስሽ አድርጊ፣ የቀረውን ለኛ ተዪው” ብለዋታል። ክፉ አስበው አይደለም፤ ብዙ ቤት እንዲህ አድርገው አስታርቀዋል። እናቴ ግን ዳኛ ፊት የሚባለውና ሽማግሌ ፊት የሚባለው አንድ ይመስላታል። በቀጠሮዋ ቀን ኅዳር 19 ድርጊቱን ፈጽመሻል ወይ ተብላ ስትጠየቅ፣ ስለ አንገቷ አንድም ቃል ሳትናገር “ጥፋቱ የኔ ነው” ትላለች። ከዚያም እንታረቃለን ብላ ትጠብቃለች።

4. አሁን ቤት ውስጥ ያለነው አባቴና እኔ ነን። እኔን አልመታኝም። ድምፁ ለስላሳ ሆኗል። ማታ ማታ “እናትሽ መቼ ነው የምትመጣው?” ይለኛል፣ ማን እንደወሰዳት እንደማያውቅ። ዘነዘናውን ፖሊስ ለማስረጃ ወስዶታል፤ ሙቀጫው ባዶውን ጥግ ላይ ቆሟል። ጎረቤቶች በርበሬ ሲወቅጡ ድምፁ ከእኛ ሙቀጫ የሚመጣ ይመስለኛል፣ ተነስቼም አየዋለሁ። ትናንት አባቴ በደህናው እጁ ሬዲዮኑን ሲከፍት ሳላስበው ከመጋረጃው ጀርባ ገብቼ ቆሜ ነበር።

ስለዚህ አፋን ኦሮሞ የሚችል ጠበቃ ከቀጠሮው በፊት እናቴ ዘንድ ሄዶ፣ ያ ቦታ የእርቅ ቦታ አለመሆኑን በቋንቋዋ እንዲያስረዳትና የሆነውን ሁሉ እንድትናገር እንዲያግዛት በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔም ያየሁትን እመሰክራለሁ። ድምፄ ዝቅ ካለ እባክዎ ይታገሡኝ።

መልሱን ከቤታችን በታች ሱቅ ላላቸው ለወ/ሮ ዘይቱና ቢነግሩልኝ ይደርሰኛል። ቤት ድረስ ሰው እንዳይልኩብኝ አደራ። በሩን የሚከፍተው አባቴ ነው።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

ናፍቆት ጋሮማ
(ፊርማ)